በሰባት ሰዓት የጎደልን ሰዎች

በጅቡቲ መስመር፣ ሚሌ የጭነት መኪናዎች መቆሚያ በር ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ በየቀኑ ከሰባት ሰዓቱ ቆጠራ በኋላ ቁጥሩን ይቀይራል። ሚያዝያ 19 ቀን 2067 ዓ.ም. «በመስመሩ ላይ የጎደሉ ሹፌሮች፦ 11,406» ይል ነበር። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «አገር ይጠብቅዎታል» የሚል ተጽፏል። ዛሬ በሃያ ጨመረ፣ ትናንት በሠላሳ ጨምሮ ነበር እንባባልና ወደ ሻያችን እንመለሳለን። ቀንሶ አያውቅም።

ያፌት ወልደሰንበት እባላለሁ፤ ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው። እኔ በተወለድኩበት ሰሞን ወንድ ልጅ ያገኘ ሁሉ ያፌት ወይም ናሆም እያለ ሳያወጣ አልቀረም፤ መቆሚያው ውስጥ «ያፌት» ብሎ የተጣራ ሰው አሥራ አንድ ሽማግሌ ያስነሳል። ጡረታ መውጣት የነበረብኝ ባለፈው ዓመት ነው። ነገር ግን የጎደለው ሹፌር ከአምስት ሺህ በላይ እስከሆነ ድረስ ማንም ከመስመሩ አይሰናበትም ተብሎ ተደንግጓል። ከአምስት ሺህ በታች የወረደ ዕለት መሰናበቻው ይከፈታል፣ የመንጃ ጥሪውም ይሰረዛል ይላል ያው ሕግ። የመንጃ ጥሪ ማለት አምስተኛ ደረጃ መንጃ ፈቃድ ያለውን ዜጋ፣ ሥራው ምንም ይሁን ምን፣ ለሁለት ዓመት ጋቢና ውስጥ የሚያስቀምጥ ደብዳቤ ነው።

«የሚያስቀምጥ» ያልኩት አውቄ ነው። መኪናው ራሱን ይነዳል። ከወደብ ዕቃውን ራሱ ይጭናል፣ ኬላውን ራሱ ያልፋል፣ ግመል ሲያይ ራሱ ይቆማል። ሕጉ ግን ያለ ሹፌር ጎማው እንዳይንቀሳቀስ ይላል። ጥፋት ሲደርስ የሚጠየቅ ሰው ያስፈልጋል፤ መኪና ቃሉን አይሰጥም፣ ወህኒ አይወርድም። ስለዚህ እኛ እንቀመጣለን። መሪው ከተነሳ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ በምትኩ ለእጅ ማሳረፊያ የምትሆን፣ የትም የማትዞር ግማሽ መሪ ተተክላለች። በየአሥራ አንድ ደቂቃው ጋቢናው «ነቅተዋል?» ይላል። «ነቅቻለሁ» እንላለን። ከጅቡቲ እስከ ሚሌ ሃምሳ ጊዜ ያህል ይጠይቃል። አንድ የዕረፍት ቀን ቤት ጋደም ባልኩበት ልጄ «አባዬ፣ ተኛህ እንዴ?» ብትለኝ፣ በእንቅልፍ ልቤ «ነቅቻለሁ» ብያት አረፍኩ። እሷ ሳቀች፤ እኔን ግን ደስ አላለኝም።

ልጄ አስካለ ትባላለች። ባቲ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት፤ ባሏ ሩቅ አገር ነው የሚሠራው፣ የአራት ወር ሴት ልጅ አለቻቸው። ሚያዝያ 19 ጠዋት ደወለችልኝና የጥሪው ደብዳቤ እንደደረሳት ነገረችኝ። ግንቦት 1 ቀን ሚሌ ቀርባ የሹፌር ባጇን እንድትወስድ፣ ጋቢና ውስጥ ሕፃን ማስገባት ክልክል መሆኑን እንድታውቅ ይላል። አላለቀሰችም። ልጅቷን ለማን እንደምትተዋት ብቻ ጠየቀችኝ። እናቷ በሕይወት የለችም፤ እኔም ያለሁት መስመር ላይ ነው።

ያቃጠለኝ ደግሞ ሌላ ነው። ያንን መንጃ ፈቃድ እንድታወጣ ያደረግኳት እኔ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት፣ ሥራ እንኳ ብታጣ አምስተኛ ደረጃ ያለው ሰው አይራብም ብዬ፣ እየጎተትኩ ወስጄ አስፈተንኳት። እሷ አልፈለገችም ነበር። ወረቀቱን ካወጣች ወዲህ አንድ ቀን እንኳ መኪና ላይ አልወጣችም፤ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣው ረሳችው። መዝገቡ ግን አልረሳም።

ስልኩን እንደዘጋሁ ቀጥ ብዬ ወደ አቤቱታ መስኮት ሄድኩ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው የሺመቤት የምትባል ወጣት ናት። ትሑት ልጅ ናት፣ ሰው አታመናጭቅም፤ ሆኖም ለሁሉም የምትሰጠው መልስ አንድ ነው። የልጄን ጉዳይ ሰምታ ከልቧ አዘነችና፣ ጥሪው የሚነሳው ቁጥሩ ሲወርድ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ያን ጊዜ አንድ ጥያቄ መጣልኝ፤ ለመሆኑ እነዚህ የጎደሉት ሰዎች የጎደሉት የት ነው ብዬ ጠየቅኳት።

ይህን በሕይወቴ ጠይቄ አላውቅም። ማንም ጠይቆ አያውቅም። እኛ ሚሌ ያለነው እጥረቱ ጋላፊ ነው እንላለን። ጋላፊ ያሉት ሞጆ ነው ይላሉ። የሞጆዎቹ ደግሞ በረሃው ላይ ማን ይቀመጣል፣ እጥረቱ እዚያ ነው ብለው ያምናሉ። እጥረት መኖሩን ግን ማንም አይጠራጠርም፤ በትልቅ ፊደል ተጽፏላ።

የሺመቤት ማሳያዋን ነካ ነካ አደረገችና፣ በሁሉም መቆሚያ እጥረት እንዳለ፣ ለምሳሌ እዚሁ ሚሌ ላይ ትናንት በሰባት ሰዓት 1,912 ሹፌር ጎድሎ እንደነበር ነገረችኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ትናንት በሰባት ሰዓት ሹፌር ከሚያርፍበት ዳስ ሥር ነበርኩ። ሰው ከመብዛቱ የተነሳ እግሬን የምዘረጋበት አጥቼ ተጣጥፌ ነው የተኛሁት። ይህንኑ ነገርኳት።

እሷም ቆጠራው እንደማይሳሳት፣ ስም በስም እንደሚቆጥር ልታስረዳኝ ፈለገችና ማሳያውን ወደ እኔ አዞረችው። ስሞቹ ወርደዋል፤ ከእያንዳንዱ ስም ፊት «የለም» ይላል። ሦስተኛው መስመር ላይ ያፌት ወልደሰንበት አለ።

«ይሄ እኔ ነኝ» አልኳት።

«እርስዎማ የሉም» አለች፤ ለመቀለድ አልነበረም፣ እያነበበች ነው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። አይታኝ ድምፅዋን ቀነሰች። «አባት፣ ባጅዎ የት ነው?»

እጄ ሳላዝዘው ወደ ደረቴ ሄደ። ደረቴ ላይ ምንም የለም። ባጄ ተራ አስከባሪያችን እትዬ ሶሊያና ቦርሳ ውስጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚሌ ላይ ተራ ሦስት ቀን ይፈጃል። ተራ የሚጠብቅ መኪና ወደ ፊት የሚጠጋው በሩ ላይ የሹፌሩ ባጅ ሲነካ ነው፤ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ መኪና ያህል ይጠጋል። ጋቢናው ሲቆም ማቀዝቀዣውም ይቆማል። ውጭው አርባ አራት ዲግሪ ሲሆን ውስጡን እናንተ ገምቱት። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ሁለት ሹፌሮች ተራቸውን እየጠበቁ ጋቢና ውስጥ እንደተቀመጡ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ሶሊያና አንድ ሥርዓት አወጣች። ፀሐይ መክረር ስትጀምር እሷና በሥሯ ያሉት ተራ አስከባሪዎች የሁሉንም ባጅ ይሰበስባሉ፣ ሹፌሩ ዳስ ሥር ይተኛል፣ እነሱ እየዞሩ በየበሩ ባጅ እያስነኩ መኪናውን ያስጠጋሉ። ማታ ለየባለቤቱ ይመልሳሉ። አንድም ቀን ባጅ ተሳስቶ አያውቅም፣ አንድም ሰው ተራው አልተበላም። ሥርዓቱ ጥሩ ስለነበር ሌሎቹ መቆሚያዎችም ወሰዱት።

ክልክል ነው፤ ሁላችንም እናውቃለን። ባጁን ለሌላ የሰጠ ሹፌር ይቀጣል፣ የተቀበለ ደግሞ ይታሰራል። ስለዚህ ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ትንፍሽ አይባልም። ቆጠራው ደግሞ ሰውና ባጅ ጋቢና ውስጥ አንድ ላይ ሲገኙ ነው ሹፌር አለ የሚለው። አርባ ባጅ በአንድ ቦርሳ፣ በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ካገኘ አርባ ሰው ጎድሏል ብሎ ይጽፋል። ቆጠራው በሰባት ሰዓት ነው። በሰባት ሰዓት ሁላችንም ተኝተናል።

ዝም አይነቅዝም ብዬ አፌን ያዝኩ። ለየሺመቤት እውነቱን ብነግራት ልጄን ላድን ስል እትዬ ሶሊያናን አሳልፌ መስጠቴ ነው። ዝም ብዬም ግን አንድ ነገር ሳልጠይቃት መሄድ አልቻልኩም።

«ለመሆኑ መስመሩ ስንት ሹፌር ነው የሚያስፈልገው?»

«እሱን የሚቆጥር ክፍል የለንም» አለች። «እኛ የምንቆጥረው የጎደለውን ነው።»

ከዚያ ማሳያዋን ወደ ራሷ መለሰችና ፀሐይዋ ይበልጥ ሳትበረታ ወደ ዳሱ እንድሄድ መከረችኝ። ደረቴን አንዴ ደግማ ማየቷን ግን አስተውያለሁ።

ከመስኮቱ እስከ ዳሱ መንገዱ አጭር ነው፤ እኔ ግን ሁለት ጊዜ ቆምኩ። ያልገባኝ ነገር አንድ በአንድ እየገባኝ ነበር። ሹፌር ጎደለ ሲባል ጥሪ ይወጣል። በጥሪው የመጣው ሰው ባጅ ይሰጠዋል። ሰውየው መቆሚያ ሲደርስ ሙቀቱን ያይና እንደ ሌላው ባጁን ለተራ አስከባሪ ሰጥቶ ይተኛል። በሰባት ሰዓት እሱም ይጎድላል። መምህሩ መጣ፣ ቁጥሩ በአንድ ጨመረ። ልብስ ሰፊው መጣ፣ በአንድ ጨመረ። እነዚህን ሁሉ ዓመታት እጥረቱን ያሳደግነው በመምጣታችን ነው። ልጄም መጥታ ልታሳድገው ነው።

ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዳልል እኔ ራሴ በየቀኑ ባጄን ሰጥቼ የተኛሁ ሰው ነኝ።

መጀመሪያ የነገርኩት ለሁመድ ነው። ሁመድ የዚሁ የአፋር ልጅ ነው፣ ሃያ ዓመት አብረን ተሰልፈናል፣ ነገር ሲነግሩት ቶሎ አይመልስም። ጣቱን እያጠፈ ራሱ አሰላው። ከዚያ ተነሥቶ ዳሱ ሥር ያሉትን አንድ ሁለት እያለ ሊቆጥር ጀመረ፤ ሁለት መቶ ላይ ሲደርስ ተወውና ተመልሶ ተቀመጠ። ይህን እትዬ ሶሊያና ካልሰማች የሚሆን ነገር የለም አለ።

እትዬ ሶሊያና ሰባ ሊሞላት ትንሽ የቀራት ቀጭን ሴት ናት። ፊሽካዋን ነፍታ ስትቆጣ ዕቃ የጫነ መኪና እንኳ የሚደነግጥ ይመስለኛል። የባጁን ቦርሳ ጭኗ ላይ አድርጋ ሁሉንም ሰማችኝ። ዳሱ ሥር የነበሩት ሹፌሮችም እንቅልፋቸውን ትተው ከበቡን። ባጁን ለአንድ ቆጠራ ብቻ፣ ለሃያ ደቂቃ፣ እያንዳንዳችን አንገታችን ላይ አድርገን ጋቢና እንቀመጥ፤ ሌሎቹ መቆሚያዎችም እንዲሁ ያድርጉ፤ ማንም ሳይናዘዝ ቁጥሩ ራሱ ይወርዳል ነበር ያልኩት።

ቀድሞ የመለሰልኝ ማርኮን ነው። ማርኮን ከእኔ በሁለት ዓመት ይበልጣል፣ ተቃውሞ ካልቀላቀለበት ምሳ የማይፈጭለት ሰው ነው።

«ብዙ ናችሁ ከተባልን ነገ ማን ይፈልገናል?» አለ። «ያስከበረን እጥረቱ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ።»

ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ብሆን በልቤ አልናቅኩትም። መኪናዎቹ እንደማይፈልጉን ሁላችንም እናውቃለን፤ የሚፈልገን ሰሌዳው ብቻ ነው። ሰሌዳው ዜሮ ያለ ቀን እኛ ምን ልንባል ነው?

«የምትለው ልክ ሊሆን ይችላል ማርኮን» አልኩት። «ግን ግንቦት አንድ ልጄ የአራት ወር ልጇን ጥላ እዚህ ትመጣለች። ባጇን ለእትዬ ሶሊያና ትሰጥና እዚህ አንተ አጠገብ ትተኛለች። በማግስቱ ሰሌዳው አንድ ይጨምራል። ለዚያ ለጨመረው አንድ ደግሞ የሌላ ሰው ልጅ ትጠራለች።»

እትዬ ሶሊያና የልጄን ሥራ ጠየቀችኝ። አዋላጅ ናት አልኳት። ቦርሳውን አየት አደረገችው።

«ባጃችሁን የሰበሰብኩት እንዳትሞቱ ብዬ ነው» አለች። «ሰው እንዲጠራበት ብዬ አይደለም።»

በዚሁ ተወሰነ። ተራ አስከባሪና ተራ አስከባሪ ሲነጋገሩ ሰምታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ሰላምታም ማብራሪያም የለውም። ለጋላፊ፣ ለሰመራ፣ ለአዋሽና ለሞጆ የላከችው መልእክት፣ ከነገ ወዲያ በሰባት ሰዓት ባጅ በየአንገቱ፣ ሰው በየጋቢናው፣ ሃያ ደቂቃ የሚል ብቻ ነበር። ከአራቱ ሦስቱ ወዲያው እሺ አሉ። የሞጆው ምንም አላለም።

ሚያዝያ 21 ቀን አምስት ሰዓት ላይ እትዬ ሶሊያና ባጅ ማደል ጀመረች። ለሁሉም ሁለት ጠርሙስ ውኃና በውኃ የተነከረ አንሶላ አዘዘች። ልብ ሕመም ያለበት በሩን ከፍቶ እንዲቀመጥ፣ ከአጠገቡም ሰው እንዲቆም አደረገች። አድላ ስትጨርስ ቦርሳው ሥር ሁለት ባጆች ቀሩ። የማን እንደሆኑ ጠየቅኳት። በዚያ ሙቀት የሞቱት የሁለቱ ሰዎች ነበሩ። ባጅ የሚመለሰው በባለቤቱ እጅ ብቻ ነው ስለተባለች ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይዛቸው ትዞራለች።

ለሰባት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ወደየጋቢናችን ወጣን። መቆሚያውን እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ዳሶቹ ባዶ ናቸው፣ በየመስታወቱ ጀርባ ሰው አለ። ወንበሩ ከሱሪዬ አልፎ ያቃጥላል። አንሶላውን ራሴ ላይ ጣል አደረግኩ። ከጎኔ የቆመው መኪና የማርኮን ነው፤ ጋቢናው ባዶ ነበር። አይመጣም ብዬ ቆረጥኩ። ለሰባት ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ሸሚዙን አውልቆ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ሲመጣ አየሁት። እየሰደበኝ እንደሆነ ባልሰማውም አውቃለሁ። ወጣና ተቀመጠ፣ ባጁንም አጠለቀ።

ስለዚያ ሃያ ደቂቃ ብዙ የምለው የለም። ረጅም ነበር። ጋቢናው ሁለት ጊዜ «ነቅተዋል?» አለኝ፤ ሁለተኛው ላይ ምላሴ ደርቆ መልሱ በግድ ወጣልኝ። የማስበው ስለ ልጄ ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር የማስበው ስለ ውኃ ነው። ፈርቼም ነበር። ከእኛ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ ቢሞት፣ በእኔ የተነሳ የሞተ ሰው ባጅ ሦስተኛ ሆኖ እትዬ ሶሊያና ቦርሳ ውስጥ ሊገባ ነው።

ፊሽካው ሲነፋ ሁላችንም ተንጠባጥበን ወረድን። እትዬ ሶሊያና በየመኪናው እየዞረች ፊታችንን አየች። ማንም አልጎደለም። ከዚያ ሰሌዳው ፊት ተሰበሰብን።

ትናንት የነበረው 11,431 አልተነቃነቀም። ቆየና 9,518 ሆነ፤ ይህ እኛ ነን። አንድ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ። የጋላፊው ሲገባ 8,020 አለ። የሰመራው ሲደርስ 6,377። የአዋሹ ተቀንሶ 5,212 ላይ ቆመ።

እዚያ ላይ ቆመ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ ጠበቅን። ሁመድ እጄን ያዘኝ። የሞጆው ተራ አስከባሪ እሺ እንዳላለ ትዝ አለኝ። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ሰው፤ እንዲህ ያለ ትንሽ ቁጥር እንዲህ ከብዶኝ አያውቅም። ለአስካለ ምን ብዬ እንደምነግራት ቃል መምረጥ ጀምሬ ነበር።

ሰሌዳው ብልጭ አለ። 214።

መጀመሪያ ማንም አላመነም፤ ከኋላው አንድ አሃዝ የተቆረጠ መስሎን ነበር። ሞጆ ያለው ሰው ሁሉ ከነባጁ ተቀምጧል ማለት ነው። እትዬ ሶሊያና ደወለችና ለምን እሺ እንዳላለ ሰውየውን ጠየቀችው። የታዘዘ ሰው ይሠራል እንጂ ምን ያወራል ብሎ መለሰላት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለውን ስሰማ ነው ያደግኩት፤ በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ዕለት ነው። እዚያው አቧራው ላይ ተቀመጥኩ። ሁመድም ከጎኔ ተቀመጠ። አሥራ አንድ ሺህ ሰው በጠፋበት አገር ሁለት መቶ አሥራ አራት ብቻ ቀረ። እነዚያ በእውነት የሉም፤ ከነሱ ሁለቱ የት እንዳሉ እናውቃለን።

በማግስቱ መግለጫ ወጣ። በተቀናጀ ጥረትና በመንጃ ጥሪው ስኬት የሹፌር እጥረቱ ተቀርፏል ይላል። ዳሱ ሥር ጮክ ብለን አነበብነውና እስኪያስለን ሳቅን። ጥሪው ተሰረዘ፤ ለአስካለ ደብዳቤው ዋጋ እንደሌለው የሚገልጽ ሌላ ደብዳቤ ደረሳት። ያን ዕለት ስትደውልልኝ ነው ያለቀሰችው። እኔም አላስቻለኝም።

አንድ ስጋት ቀርቶን ነበር። ነገ በሰባት ሰዓት እንደገና እንተኛለን፣ እንደገና እንጎድላለን፣ በየቀኑ ደግሞ ያንን ሃያ ደቂቃ የሚችለው ማንም የለም። እትዬ ሶሊያና መላ እያሰበች ሳለ በአቤቱታ መስኮቱ ላይ አንዲት ወረቀት ተለጠፈች። ከዛሬ ጀምሮ የዕለቱ ቆጠራ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይሆናል ትላለች፤ ምክንያት አልተጻፈባትም። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ሁላችንም ከነባጃችን ጋቢና ውስጥ ነን። ወደ መስኮቱ ሄድኩ። የሺመቤት ቀና ብላ ምን ልርዳዎ አለችኝ፤ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ምንም አልኳትና እጅ ነስቼ ተመለስኩ።

መሰናበቻው በተከፈተበት ቀን የተሰለፈው ሰው ለጭነት ከሚሰለፈው ይበልጥ ነበር። ለካ እንፈለጋለን ብለን ስንኮራ የኖርነው ሁሉ መሄድ ነበር የምንፈልገው። እኔ ሠላሳ ስድስተኛ ነበርኩ። አራተኛው ማን እንደሆነ አንገቴን አስግጌ ባይ ማርኮን ነው።

«የብብትህን ጣልከው እንዴ?» አልኩት።

«ዝም ብለህ ተራህን ጠብቅ» አለኝ።

እትዬ ሶሊያና ማንም ሳይጠይቃት ያንንም ሰልፍ ታስከብር ነበር። አንቺስ አትሰናበቺም ወይ ስላት፣ የሚቀሩት ወጣቶች በቀትር ጋቢና ውስጥ እንዳይቀመጡ ማን ሊያያቸው ነው አለችኝ። ተሳሳምንና ተለያየን።

ግንቦት 1 ቀን ጠዋት ባቲ ደረስኩ። የአስካለ ቤት ከጤና ጣቢያው ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ ነው። ጋዋኗን ለብሳ፣ ሕፃኗን ታቅፋ በሩ ላይ አገኘኋት። ሙሉውን መንገድ ምን እንደምላት ሳሰላስል ነበር የመጣሁት፤ ስለ መንጃ ፈቃዱ ይቅርታ ልጠይቃት ነበር። አፌን ስከፍት ልጅቷን እቅፌ ውስጥ አስቀመጠችልኝ።

«አባዬ እንኳን መጣህ፣ ያዛት በል። ሁለት ወላዶች ይጠብቁኛል፣ ረፍዶብኛል።»

ጉንጬን ሳመችኝና ቁልቁል ወረደች። መንገዱ መሃል ደርሳ ዞር አለችና ወተቷ ጠረጴዛው ላይ መሆኑን ጮክ ብላ ነገረችኝ። ሕፃኗ ፊቴን አጥንታ ስታበቃ ማልቀስ ጀመረች። እኔ በሩ ላይ እንደቆምኩ አስካለን በዓይኔ ሸኘኋት፤ ጋዋኗን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ በሌላው ነጠላዋን ይዛ ትሮጣለች። ልጄ ወደ ራሷ ሥራ ስትሮጥ ማየት እንዲህ ደስ እንደሚያሰኝ አላውቅም ነበር።